20 ኪሎ ገብቶ 15 ሲወጣ

ጅማ ላይ ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶና አሽጎ ለመሸጥ መነሳት ለቀባሪው እንደማርዳት ነው። የከተማው ሰው ጓሮው ውስጥ ቡና ባይኖረው እንኳ ማና ወይም ጎማ ወይም ሊሙ ኮሳ ወረዳ ዘመድ አያጣም። ጥሬው በማዳበሪያ ይመጣለታል፤ ቤቱ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በብረት ምጣድ ቆልቶ፣ ጭሱን ለጎረቤት አሽትቶ ይጠጣል። እንዲህም ሆኖ በየጊዜው አንድ አዲስ ሰው መቁያ ማሽን ይገዛል፣ ጠባብ ክፍል ይከራያል፣ ለቡናው ስም ያወጣል። አንዳንዱ ክረምቱን ሳይሻገር ይዘጋል። ሲዘጋ የሚሰጠው ምክንያት ደግሞ የታወቀ ነው፦ «ገበያ የለም»፣ «ቡና ተወደደ»፣ ሲብስም «ዓይን ነው»።

ገበያ አጥቶ የሚዘጋ የለም አልልም። በእኔ ግምት ግን የጀማሪው ገንዘብ በብዛት የሚያልቀው ዕቃው ገበያ ሳይደርስ፣ ከጆንያው እስከ ከረጢቱ ባለው መንገድ ላይ ነው። ኪሎ በኪሎ ይንጠባጠባል፤ የሚመዝነው ስለሌለ አይታወቅም። ስለ ወኔና ጽናት ብዙ ተብሏል፤ እዚህ የሚወራው ስለ ሚዛንና ስለ ደብተር ነው።

ከሒሳቡ እንጀምር። ለስሌት እንዲመች ጥሬ ቡና ኪሎው 600 ብር ነው እንበል፤ ዋጋው ስለሚዋዥቅ አንባቢ የዕለቱን ይተካ። 20 ኪሎ ተገዛ፣ 12,000 ብር ወጣ። የጅማ ቡና አብዛኛው ከነቅርፊቱ ደርቆ የሚፈለፈል ስለሆነ ሲለቀም ብዙ ነገር ይወጣዋል፦ ጥቁር ፍሬ፣ ተባይ የበሳው፣ ሳይፈለፈል የቀረ ጀንፈል፣ ጠጠር፣ ስንጥር። ይህ 6 በመቶ ቢሆን 1.2 ኪሎ ነው፤ 18.8 ቀረ። ሲቆላ ውኃው ይተንናል፣ ፍሬው ላይ የቀረው ስስ ቅርፊት ይበናል፤ መንጣጣት እንደጀመረ ቶሎ ከወጣ ክብደቱ አነስ ባለ መጠን፣ አገሬው እንደሚወደው ጠቆር ብሎ ከተቆላ 18 በመቶና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። 18 በመቶ ሲቀነስ 15.4 ኪሎ ገደማ ይሆናል። መፍጫው ውስጥ የሚቀረው፣ የሚበነውና በየከረጢቱ ላይ «ትንሽ ይጨመርበት» ተብሎ የሚሄደው ሲደመር ሌላ ሩብ ኪሎ ይወስዳል። ታሽጎ መደርደሪያ ላይ የሚወጣው 15.1 ኪሎ ነው።

12,000 ብርን ለ15.1 ማካፈል ነው፤ ኪሎው 795 ብር ይመጣል። ጋዝ፣ ከረጢት፣ ኪራይና የሰው ጉልበት ገና አልተነካም። ጀማሪው ግን ብዙ ጊዜ የሚያሰላው «በ600 ገዛሁ፣ 20 በመቶ ትርፍ ልያዝ፣ 720 ልሽጥ» ብሎ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በሸጠ ቁጥር በየኪሎው 75 ብር ከኪሱ ይጨምራል። ደንበኛ በበዛለት መጠን ቶሎ ይከስራል። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ሱቁ ስለሚሟሟቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የተሳካለት ይመስለዋል።

ስለዚህ ማሽን ከመገዛቱ በፊት ሚዛን ይገዛል። እስከ 30 ኪሎ የሚመዝን አንድ፣ ለከረጢት ደግሞ በግራም የሚቆጥር ሌላ ትንሽ። ሁለቱም በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ትንሹን በየሳምንቱ ክብደቱ በሚታወቅ ነገር መፈተን ያስፈልጋል፤ 250 ግራም ተብሎ 258 የሚሞላ ሚዛን በ100 ከረጢት 800 ግራም ይሰጣል፣ 242 የሚሞላ ደግሞ ስም ያጠፋል። ከረጢቱ ራሱ የሚመዝነው አይቆጠርም፤ ባዶውን አስቀምጦ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መመለስ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

ከሚዛኑ ቀጥሎ ደብተር። አምዶቹ ብዙ መሆን የለባቸውም፦ ቀን፣ ከማን ተገዛ፣ የገባ ጥሬ፣ ተለቅሞ የተጣለ፣ ተቆልቶ የወጣ፣ የታሸገ፣ የተመለሰ፣ ምክንያት። አንድ ገጽ ላይ ሁለት መስመር እንይ። ሰኞ፦ የገባ 20፣ ተለቅሞ የተጣለ 1.2፣ ከቁላ የወጣ 15.4፣ የታሸገ 15.1። ረቡዕ፦ የገባ 20፣ ተለቅሞ የተጣለ 0.6፣ ከቁላ የወጣ 15.0፣ የታሸገ 14.7። ለዓይን ልዩነቱ 400 ግራም ነው፤ ማንም አይደነግጥበትም። መቶኛው ሲሰላ ግን ሰኞ ቁላ ላይ የቀነሰው 18 በመቶ፣ ረቡዕ የቀነሰው ከ22 በመቶ በላይ ነው። አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። የረቡዕ ቡና ከሰኞው ጠቁሮ ከታየ ቁላው በዝቶበታል፤ ቀለሙ አንድ ከሆነ ጥሬው እርጥብ ነበር። የተለቀመው በግማሽ መቀነሱ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይናገራል፦ ወይ የተሻለ ቡና ተገዝቷል፣ ወይ ለቃሚዋ ቸኩላለች፤ በየኪሎ ሳይሆን በየሰዓት የምትከፈል ከሆነ ደግሞ ቸኩላ ሳይሆን ደክሟት ይሆናል። ለዚህ ነው የሰኞና የረቡዕ ቁላ ናሙና በሁለት ብልቃጥ መቀመጥ ያለበት። ከየቁላው 100 ግራም፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ለሁለት ወር። ናሙና ከሌለ «ጠቆር ብሏል» እና «አይ፣ ያው ነው» የሚል ክርክር ብቻ ይቀራል።

እርጥበቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለቁላ የሚሆን ጥሬ ቡና ውስጡ ያለው ውኃ ከ10 እስከ 12 በመቶ መሆን አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታ ይከተላል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ክረምት ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ደህና የደረቀ ቡና እንኳ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ውኃ ይስባል። የሒሳቡን ጣጣ ለማየት፦ 14 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል ወደ 11 በመቶ ሲወርድ 96.6 ኪሎ ነው የሚሆነው። በ600 ብር ሒሳብ ከ2,000 ብር በላይ ለውኃ ተከፍሏል ማለት ነው።

ነባር ነጋዴ ፍሬውን በጥርሱ ይሞክራል፤ ደረቁ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ እርጥቡ ጥርስ ተቀብሎ ምልክት ይዞ ይቀራል። ይህ ለሻካራ ፍርድ ይበቃል፤ 12ን ከ14 ለመለየት ግን ጥርስ አይታመንም። በቡና አቅራቢዎች መጋዘን በእጅ የሚያዝ የእርጥበት መለኪያ አይጠፋም፤ ናሙና ይዞ ሄዶ መለመን አያሳፍርም። ይህ ካልተገኘ 100 ግራም መዝኖ ሰፌድ ላይ ሁለት ቀን ጠንካራ ፀሐይ ማስጣትና መልሶ መመዘን ነው። 97 ከሆነ ከየኩንታሉ 3 ኪሎው ትርፍ ውኃ ነበር። ታዲያ ናሙናው ከጆንያው አፍ ብቻ መወሰድ የለበትም። ከላይ ያለው ሁሌም ይደርቃል፤ ከመሀልና ከታች ጆንያውን ወግቶ ፍሬ በሚያወጣ መውጊያ ማውጣት ያስፈልጋል። መውጊያውን ሲያይ ፊቱ የሚለወጥ ሻጭ ካለ መልሱ ተገኝቷል።

ማከማቸቱ ላይ በአጭሩ፦ ሲሚንቶ ወለል ላይ ጆንያ አይቀመጥም። ከእንጨት የተሠራ፣ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ያስፈልጋል፤ ከግድግዳም ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል። የቃጫ ጆንያ ከላስቲክ ማዳበሪያ ይሻላል፣ ስለሚተነፍስ። ሌላው በብዙ ቤት የሚታይ ስህተት ቡናውን ከሸቀጥ ጋር አንድ ክፍል ማኖር ነው። ቡና የጎረቤቱን ሽታ ይጠጣል፤ ሳሙና፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ከሁሉ የከፋው ነጭ ጋዝ። ነጭ ጋዝ የሸተተውን ቡና ቁላ አያድነውም።

አሁን ወደ ማሽኑ። 5 ኪሎ ይቆላል የተባለ ማሽን ላይ 5 ኪሎ አይጨመርም፤ 4 ኪሎ ይበቃዋል። ሲሞላ አይገላበጥለትም፣ ታችኛው እያረረ ላይኛው ጥሬ ይሆናል። የጅማ ቡና በመጠን የተደባለቀ ስለሆነ (ትንሹም ትልቁም ፍሬ በአንድ ጆንያ) ይህ ጥፋት ይበረታበታል፤ በወንፊት ሁለት ቦታ ከፍሎ ለየብቻ መቁላት ድካም ቢመስልም ቀለሙን አንድ ያደርገዋል። የጀማሪ ሁሉ ፈተና እሳት ማብዛት ነው። በ7 ደቂቃ ጠቁሮ የወጣ ቡና ያስደስታል፤ ፍሬው ተሰብሮ ሲታይ ግን ውስጡ ፈዛዛ ነው፣ ሲፈላ ደግሞ ምሬቱም ኮምጣጣነቱም አብሮ ይመጣል። ደህና ቁላ በአነስተኛ ማሽን ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። መጀመሪያ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ የደረቅ ሣር ሽታ አለው፤ ቀጥሎ የዳቦ ሽታ ይመጣል፤ ከዚያ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንጣጣት ይጀምራል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዷ ግማሽ ደቂቃ ትቆጠራለች፤ እሳቱ የሚቀነሰውም መንጣጣቱ ሲቃረብ እንጂ ከተጋጋለ በኋላ አይደለም። ሁለተኛው ድምፅ ቀጭን ነው፣ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ ይመስላል፤ እዚያ ደርሶ ስልክ ያነሳ ሰው ከሰል ያወጣል። ከማሽኑ የወጣው ደግሞ በ4 እና በ5 ደቂቃ ውስጥ ለእጅ እስኪመች መቀዝቀዝ አለበት፤ ክምር ላይ ከተተወ በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል።

መብራት። ጅማ ላይ መብራት በቁላ መሀል አይጠፋም ብሎ የሚያቅድ ሰው ማሽን ባይገዛ ይሻለዋል። መብራት ሲሄድ ማሽከርከሪያው ይቆማል፣ ጋዙ ግን ይነዳል፤ ከብረቱ ጋር የተነካካው ፍሬ በደቂቃ ውስጥ ያርራል። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ ጋዙን መዝጋት፣ በሩን ከፍቶ ቡናውን ማፍሰስ፣ ሰፊ ሰፌድ ላይ በእንጨት ማንኪያ እያገላበጡ ማራገብ። መብራቱ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ የለም። በእጅ ማዞሪያ ያለው ማሽን ከተገኘ ተጨማሪ ገንዘብ ያወጣል፤ ያዋጣል። መንጣጣት ሳይጀምር የተቋረጠውን ቡና መልሶ መቁላት ደግሞ ሁሉም አንድ ጊዜ የሚሞክረው ነገር ነው፤ ቀለሙ ይመጣል፣ መዓዛው ግን አይመጣም፣ አፍ ውስጥ እንደ ደረቀ ዳቦ ይሆናል። ያረረውን ከደህናው ጋር ደባልቆ ማሳለፍም እንዲሁ። 2 ኪሎ ያረረ 15 ኪሎ ደህና ውስጥ ሲገባ የሚገኘው 17 ኪሎ ያረረ ነው። የተቆላ ገብስ መቀየጥም የሚያስብ አይጠፋም፤ ጅማ ላይ ያለች እናት በመጀመሪያው ስኒ ታውቀዋለች፣ ሁለተኛ ስኒ አይኖርም።

ደርቆ የተፈለፈለ ቡና ቁላ ላይ ብዙ ቅርፊት ያራግፋል። ቅርፊቱ ጭስ ማውጫውና ማጠራቀሚያው ውስጥ ይከማችና አንድ ቀን እሳት ይይዛል። ማጠራቀሚያው በየ4 ወይም በየ5 ቁላው፣ ጭስ ማውጫው በየሳምንቱ ይጠረጋል። እሳት ከተነሳ ጋዝና አየር ይዘጋል፤ የጋለ ብረት ላይ ውኃ አይደፋም።

አንድ ሌላ ቅሬታ ብዙ ጊዜ ያለ አግባብ ቡናው ላይ ይላከካል፦ «ቡናችሁ አተላው በዛ»። ይህ የመፍጫው ጥፋት ነው። ለካፌ ማሽን የሚሆነው ልም ዱቄት ጀበና ውስጥ አይጠልልም፤ ቢያስቀምጡትም እየተንሳፈፈ ስኒው ውስጥ ይገባል። ለጀበና ሻከር ያለ፣ ለካፌ ማሽን የላመ፣ ከረጢቱ ላይም ተለይቶ የተጻፈ መሆን አለበት። ትንሽ መፍጫ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይግላል፣ ዱቄቱም አብሮ ይግላል፤ እጅ ሲነኩት ከሞቀ ማቆም ነው።

ማሸግ ላይ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ቃል በቃል ይደርሳል። የተቆላ ቡና ለቀናት ጋዝ ያወጣል። በቁላው ዕለት ጥብቅ ብሎ የታሸገ ከረጢት በማግስቱ እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ስፌቱ ደካማ ከሆነ መደርደሪያው ላይ ይፈነዳል። ፍሬው አንድ ሙሉ ቀን ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይረፍ፤ ከተፈጨ በኋላም ሙቀቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ሳይፈጭ በፍሬው የሚሸጥ ከሆነ ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባ ቀዳዳ ያለው ከረጢት ያስፈልጋል፤ ለዱቄት ግን የግድ አይደለም። ማሸጊያው ካለፈ በኋላ አንዱን ከረጢት ውኃ ውስጥ ነክሮ መጫን ነው፤ አረፋ ከወጣ አልተዘጋም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ስፌቱ መስመር ላይ የተቀመጠ ዱቄት ነው፦ አፉን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ማሸግ።

ስም የታተመበት 5,000 ከረጢት በመጀመሪያው ወር ማዘዝ ደግሞ በጣም ውድ ከሆኑት ስህተቶች አንዱ ነው። ማተሚያ ቤቱ በብዛት ሲታዘዝ ርካሽ ነው ይላል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን በሁለተኛው ወር ስልክ ቁጥሩ ይለወጣል፣ 250 ግራሙ አልሄድ ብሎ 100 ግራም ይፈለጋል፣ ወይም አፋን ኦሮሞው ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ይገኛል። ምንም ያልታተመበት ፎይል ከረጢትና ስቲከር ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ስቲከሩ በሁለቱም ቋንቋ ይሁን፤ የተቆላበት ቀን፣ የአገልግሎት ጊዜ፣ የተጣራ ክብደት፣ አድራሻ።

ለመሆኑ ማን ነው የሚገዛው? ወደ መነሻው ጥያቄ ተመለስን። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ የምትወጣ እናት አይደለችም፤ እሷ ጥሬውን ገዝታ በራሷ ምጣድ ነው የምትቆላው፣ ደግሞም ታሽጎ የመጣውን «ምን ቀይጠውበት ይሆን» ብላ ነው የምታየው። ገዢው ሌላ ነው። መናኸሪያ ውስጥ አዲስ አበባ ሊሄድ ተሳፍሮ «ጅማ ደርሼ ባዶ እጄን?» የሚል መንገደኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ጀበና የሌለው ዶርም ወይም ቢሮ፣ ለምርቃት የመጣ ቤተሰብ፣ ማኪያቶ የሚሸጥ ካፌ። እነዚህ ሰዎች በተለያየ ጊዜ ይመጣሉ። ምርቃት ሰሞን በሦስት ቀን የሚሸጠው የወር ያህል ነው፤ ተማሪው ሲወጣ ደግሞ ጭር ይላል። በረመዳን ካፌዎች ቀን ቀን ይቀዘቅዛሉ፣ የቡና ሰዓት ከኢፍጣር በኋላ ይሆናል፤ ወሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ የአምናውን ደብተር ቀን በቀን መቅዳት አይሠራም። በሁዳዴ ደግሞ ማኪያቶው ይወርዳል፣ ጥቁሩ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። መንገደኛው ከጅማ ይዞ መሄድ የለመደው ጥሬ ቡና ነው። በጥንቃቄ የተለቀመ፣ ጠጠር የሌለው፣ በአንድ ኪሎ የታሸገ ጥሬ ቡና መደርደሪያው ላይ መኖር አለበት። ቁላ ስለሌለበት 20 ኪሎው 18.8 ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ኪሎው 638 ብር ይመጣል። ጋዝ የለም፣ የመብራት ሥጋት የለም፣ በሳምንት መዓዛው አይጠፋም። እኔን ብትጠይቁኝ ማሽኑ ከመገዛቱ ሦስት ወር በፊት በዚህ ብቻ መጀመርና ገዢውን ማወቅ ይቻላል፤ የተጠራቀመው ለማሽኑ ቀብድ ይሆናል። ብቻ ቡናው ከታወቀ አቅራቢ በደረሰኝ ይገዛ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ሲጫንም መሸኛ ይኑረው፤ ኬላ ላይ የተያዘ ቡና በሒሳብ ደብተር አይመለስም።

የአንዱን 250 ግራም ከረጢት ሒሳብ እንጨርስ። ቡናው 199 ብር (የ795 ሩብ)፣ ከረጢትና ስቲከር 18፣ ጋዝ 6፤ በድምሩ 223። በ260 ብር በቀጥታ ቢሸጥ 37 ብር ይተርፋል። ኪራይ 6,000፣ አንድ ሠራተኛ 6,000፣ መብራትና መጓጓዣ 2,000፤ በወር 14,000 ብር ቢሸጥም ባይሸጥም ይወጣል እንበል። 14,000 ለ37 ሲካፈል 378 ከረጢት፤ ማለትም በወር ሰባት ቀን 20፣ 20 ኪሎ መቁላት። ይህ የሚቻል ነው። አሁን ለሱቆች በ235 ብር እናከፋፍል። ትርፉ 12 ብር ሆነ፤ ወጪውን ለመሸፈን 1,167 ከረጢት ያስፈልጋል፣ ወደ ሃያ የቁላ ቀን። ዋጋው ላይ የተቀነሰው 25 ብር ብቻ ነው፤ ሥራው ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ሱቅ ማግኘት ድል የሚመስለው ሰው ይህን ማካፈል አልሠራም።

በዚህ ላይ ዱቤ ይመጣል። «ሸጬ ልክፈልህ» የማይል ባለሱቅ ብርቅ ነው። ማሽኑንና ክፍሉን ካሟላ በኋላ 60,000 ብር ይዞ የጀመረ ሰው ለ10 ሱቅ 20፣ 20 ከረጢት በዱቤ ቢያድል 200 ከረጢት ወጣ፤ 44,600 ብር ገንዘቡ በሰው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የወሩን 14,000 ከፈለ። እጁ ላይ 1,400 ብር ቀረ። 20 ኪሎ ጥሬ ቡና መግዣ 12,000 ያስፈልገዋል። ወረቀት ላይ ትርፍ አለ፣ ማሽኑ ግን ቆሟል። ከ10ሩ ሱቅ ስድስቱ ቢከፍሉም መልሶ ጉድጓዱን መድፈን ነው። ስለዚህ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» ብሎ መለጠፍ ለማይችል ጀማሪ መካከለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ለአንድ ሱቅ መጀመሪያ 5 ከረጢት ብቻ፤ የአምስቱ ገንዘብ ሳይመጣ ስድስተኛ አይሰጥም፤ በ15 ቀን ያልተሸጠ ይመለሳል። የተመለሰው ደብተሩ ላይ ይገባል፣ ከየትኛው ሱቅ እንደሆነም። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ደርድሮ የሚመልስ ሱቅ በሁለት ዙር ይታወቃል።

60,000ው ከእቁብ የመጣ ከሆነ ሒሳቡ ይጠብቃል። 30 ሰው፣ በሳምንት 2,000 ብር፤ ዋስ ጠርቶ የመጀመሪያውን ዕጣ የወሰደ ሰው ለቀሪዎቹ 29 ሳምንታት ይጥላል። ይህ በወር 8,600 ብር ገደማ ነው፤ 14,000ው 22,600 ሆነ፣ 378ቱ ከረጢት 611 ሆነ። እቁብ ክፉ ነገር አይደለም፤ ወለድ የለውም፣ ሰውም ያስታርቃል። ሳምንት ሲደርስ ግን «ሱቆቹ አልከፈሉኝም» ብሎ የሚሰማው ሰብሳቢ የለም። ከተቻለ ዕጣው በመሀል ቢደርስ ይመረጣል፤ እስከዚያ ጥሬውን እየለቀሙ መሸጥ ይቻላል።

ስለ ጊዜ ሁለት ነገር። እሸቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል፤ በፀሐይ ለመድረቅ ሳምንታት ስለሚፈጅ አዲሱ ጥሬ በደንብ የሚገኘው ከኅዳር ወዲህ ነው። ሐምሌ ላይ የሚጀምር ሰው ያረጀ፣ እርጥበት የሳበና አብዛኛውን ጊዜም የተወደደ ቡና ይዞ ነው ሙያውን የሚማረው፤ ጥር ላይ የሚጀምር በደህና ቡና ይሳሳታል፣ ስህተቱም ከእጁ እንደሆነ ይለያል። ሁለተኛው የንግድ ፈቃድ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚገባ ሰኔ ላይ ፈቃድ ያወጣ ሰው ወዲያው ዕድሳት ይጠብቀዋል፤ ዕድሳቱ ያለ ቅጣት እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ሁለት ሳምንት ታግሶ ሐምሌ ላይ ማውጣት ይችል ነበር፤ ወይም ጥር ላይ ጀምሮ ግማሽ ዓመት ይሠራበት ነበር።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ደብተሩ ይከፈትና ሦስት ቁጥር ይወጣል፦ ከ100 ኪሎ ጥሬ ስንት ኪሎ ታሸገ፣ በቀጥታ ስንት ከረጢት ተሸጠ፣ በሰው እጅ ስንት ብር አለ። ከ100 ኪሎ የታሸገው ከ73 በታች ከሆነ ጥፋቱ ግዥው ወይም ቁላው ላይ ነው፤ የተለቀመውና የተቆላው አምድ የትኛው እንደሆነ ይናገራሉ። ይህ ደህና ሆኖ ሽያጩ ካነሰ ኪራዩን መተውና በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መቁላት፣ ቀሪውን በጥሬው መሸጥ ይቻላል። በስድስተኛው ወርም ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ቢሸጥ ይሻላል፤ የቆመና የዛገ ማሽን ማንም አይጠይቀውም። ገዢ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደግሞ «እስካሁን ስንት ኪሎ ቆልቷል?» ብሎ ነው። ደብተሩ ላይ አለ።